ሳይታይ እንዳይሞላ፦ ጎንደር ላይ ቤት ስትሠሩ የከተማውን ተቆጣጣሪ እንዴት እንደምትጠሩ

ኮንክሪት ውስጥ የገባ ፌሮ (የግንባታ ብረት) ተመልሶ አይታይም። ግድግዳ ቢጣመም ይፈርሳል፣ ቀለም ባይወደድ ይቀየራል። መሠረትና ቢም (አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ግን አንዴ ከተሞላ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ያሠረው ፌራዮ (ብረት አሳሪው) እና እግዚአብሔር ብቻ ነው። የከተማው ተቆጣጣሪ በየደረጃው መጥቶ የሚያየው ለዚህ ነው። ብዙ አሠሪ ግን ተቆጣጣሪ ባይመጣ ደስ ይለዋል፣ ሲመጣም ይደነግጣል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነበርኩ።

ወንድሜ ውጭ አገር ስለሆነ ማራኪ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ጂ ፕላስ ሁለት ቤቱን በውክልና ያሠራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የእኅቴንና የአንድ ጎረቤታችንን ግንባታ አብሬ ተከታተልኩ። ቀጥሎ ያለው በእነዚህ ሦስት ቤቶች ላይ የተማርኩት ነው፤ አንዱን ትምህርት በውድ ዋጋ ነው የገዛሁት፣ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

1. ፈቃዱን የተቀበላችሁ ቀን ከመስኮቱ አትነሡ

የግንባታ ፈቃድ በእጅ ሲገባ ሰው ደስ ብሎት እየሮጠ ይወጣል። እባካችሁ እዚያው ቆማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ መልሱንም በደብተር ጻፉ፦ የትኞቹ የሥራ ደረጃዎች ላይ መታየት አለበት? ከስንት ቀን በፊት ነው የምናሳውቀው? ማመልከቻው የሚገባው ለየትኛው ክፍል ነው፣ ተቆጣጣሪያችንስ ማን ነው? ከአንዱ ጎረቤት የሰማችሁት «ሁለት ቀን ይበቃል» ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። አሠራር ይቀየራልና ከቢሮው በቀጥታ የሰማችሁትን ያዙ።

ምድባችሁንም እወቁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፍሎ ነበር። በዚያ አከፋፈል ቀለል ያለው መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ነበር፤ የሕዝብ መገልገያ፣ ፋብሪካና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ ምድብ ሐ ውስጥ ይገባ ነበር፤ በመካከል ያለው ምድብ ለ ነበር። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ባለሙያና የሚደረገው ክትትል ይጠብቃል። የወንድሜ ቤት ምድብ ለ ስለነበር ስትራክቸሩን የሠራው መሐንዲስ ፊርማና ማኅተም ያለበት ፕላን ሳይት ላይ እንዲቀመጥ ከመጀመሪያው ቀን ተነግሮናል።

ቦታችሁ በፋሲል ግቢ ወይም በሌሎቹ ጥንታዊ ሕንፃዎች አካባቢ ከሆነ ደግሞ የከፍታና የገጽታ ነገር ስለሚኖር የቅርስ ጉዳይ የሚመለከታቸውን ከመቆፈራችሁ በፊት ጠይቁ። የፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በቁፋሮ መሃል የተጠረበ ድንጋይ፣ የኖራ ግንብ ወይም የሸክላ ስብርባሪ ቢወጣ ሥራውን አቁማችሁ አሳውቁ፤ ይህም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 የተደነገገ ግዴታ ነው። ፎርማናችሁ «ዝም ብለን እንለፈው» ቢል አትስሙት።

2. የሳይቱን ማኅደር አዘጋጁ

ውሃ የማያስገባ አንድ ፋይል ግዙ። ውስጡ የፈቃዱ ቅጂ፣ ማኅተም ያለበት የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ፕላን፣ የይዞታ ካርታው ቅጂ፣ ውክልና ካለ የውክልናው ቅጂ፣ ከኮንትራክተሩና ከአማካሪው ጋር የተፈራረማችሁት ውል ይግባ። ከዚህ ሌላ ጠንካራ ሽፋን ያለው የሳይት መዝገብ ያስፈልጋል። በየቀኑ ስንት ሠራተኛ ገባ፣ ምን ተሠራ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ወጣ፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ ማን መጥቶ ምን አለ፣ ሁሉም ይጻፍበታል። ለእኔ ከማንም ወረቀት በላይ የጠቀመኝ ይኸው መዝገብ ነው።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ የምታሠሩ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ውክልናችሁ ማሠራትን ብቻ ሳይሆን በመንግሥት ቢሮ ቀርቦ ማመልከትንና መፈረምንም መጥቀሱን አረጋግጡ። እኔ ለአንዲት ቃል ስል ሦስት ሳምንት ጠብቄአለሁ።

3. ከመሙያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

አብዛኛው ሰው ፌሮው ሲያልቅ ነው ተቆጣጣሪ የሚፈልገው። ያን ጊዜ ሚክሰሩ ተከራይቷል፣ አሸዋና ጠጠሩ ተራግፏል፣ ሠላሳ የቀን ሠራተኛ ተቀጥሯል። እንግዲህ ሰው ይህን ሁሉ ወጪ አቁሞ ይጠብቃል ወይ? አይጠብቅም፤ ይሞላዋል። ስህተቱ የሚጀምረው ከቀጠሮው ነው።

ማክሰኞ ልትሞሉ አስባችኋል እንበል። ሰኞና ቅዳሜ ለማስተካከያ ባዶ ይቀመጡ፤ ተቆጣጣሪው «ይህን ጨምሩ» ማለቱ አይቀርምና። ስለዚህ ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት መታየት አለበት። ለዚያ ደግሞ ፌሮውና ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ረቡዕ ማታ አልቆ መዋል ይኖርበታል። ማመልከቻው ቢሮው የነገራችሁን ቀን ያህል ቀድሞ፣ ብረቱ ገና እየታሠረ ሳለ ይግባ። ዓርብ የቀትር እረፍቱ ስለሚረዝም ከሰዓት በኋላ ላይ አትንጠልጠሉ። ሚክሰርና የቀን ሠራተኛ የምትይዙት «ታይቷል» የሚል ፊርማ መዝገባችሁ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ከጠበቃችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

የበዓሉን ነገር ጎንደር ላይ ለብቻ አስቡት። ወርኃዊ በዓላቱ፣ 12ም 21ም 29ም፣ ከሠራተኛው ግማሹን ያስቀሩባችኋል። ከታኅሣሥ 29 ገና ጀምሮ እስከ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ያለውን ጊዜ ደግሞ ለትልቅ ሙሌት አትያዙት። ጥር 7 ሥላሴ ነው፤ ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ የትም አይደርስም። ክረምቱም እንዲሁ ነው። ከሰኔ አጋማሽ በኋላ የተቆፈረ ጉድጓድ በአንድ ሌሊት ኩሬ ይሆናል፤ ቁፋሮና ፉቲንግ (ከምሰሶዎቹ ሥር በመሬት ውስጥ የሚሞላው መሠረት) የምትችሉ ከሆነ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው በጋ ይለቅ።

4. በጽሑፍ አሳውቁ

ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ ግን ስልክ ማስረጃ አይሆንም። ደብዳቤው አጭር ይሁን። እኔ የምጠቀምበት ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ የፉቲንግ ብረት ሥራ መጠናቀቁን ስለማሳወቅ
በቁጥር … በቀን … በተሰጠን የግንባታ ፈቃድ መሠረት በ… ክፍለ ከተማ፣ ቀበሌ … በምናሠራው ጂ ፕላስ ሁለት መኖሪያ ቤት የፉቲንግ ብረትና ካሳፎርማ ሥራ የካቲት 5 ቀን ይጠናቀቃል። ኮንክሪት ለመሙላት ያሰብነው የካቲት 11 ቀን ስለሆነ ከዚያ በፊት ባለሙያ ተመድቦ እንዲያይልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሳይቱ ላይ የሚገኙት ፎርማን … ስልክ …»

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ ማኅደራችሁ ውስጥ አስቀምጡ። በማግስቱ ማን እንደተመደበ ጠይቁ፤ ከዚያም ለራሱ ደውላችሁ ቀንና ሰዓት ተቃጠሩ። ሳይቱን በምልክት ንገሩት። ጎንደር ውስጥ የቤት ቁጥር ሰው አያደርስም፤ የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ የትኛው ወፍጮ ቤት፣ ከዋናው መንገድ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ነው የሚያደርሰው።

5. እሱ ከመምጣቱ በፊት ራሳችሁ እዩት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። በቀጠሮው ዋዜማ ፎርማኑን፣ ፌራዮውንና ከተቻለ አማካሪ መሐንዲሳችሁን ይዛችሁ፣ ፕላኑን ዘርግታችሁ፣ ሜትር በእጃችሁ ይዛችሁ ዙሩ። መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ መቁጠርና መለካት ከቻላችሁ ይበቃል።

ልኬት ሲጣል። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በሦስት፣ አራት፣ አምስት እዩ፦ በአንዱ ገመድ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ለክታችሁ ምልክት ስታደርጉ በምልክቶቹ መካከል ያለው 5 ሜትር መምጣት አለበት። የቤቱ ሁለት ሰያፍ ልኬትም እኩል ይሁን። ከወሰን ድንጋዩ እስከ ግድግዳው መስመር ያለውን ርቀት ፕላኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ከጎረቤት ጋር በሽምግልና ዓመት የሚፈጁ ጠቦች ከዚህች ገመድ የሚነሡ ናቸውና ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ አብሯችሁ እንዲያይ አድርጉ።

ቁፋሮ። ጉድጓዱ የፕላኑን ጥልቀት መያዙ ብቻውን አይበቃም። ወደ አዘዞና ጠዳ ሜዳ ስትወርዱ ዋልካው ብዙ ነው፤ ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሣዋል፣ አብሮ ያወርደዋል። የፕላኑ ጥልቀት ላይ ደርሳችሁ ከሥሩ ጥቁር አፈር ካያችሁ ወዲያው መሐንዲሱን ጥሩት፤ ምን ያህል እንደሚወርድና በምን እንደሚሞላ የሚወስነው እሱ ነው። ወደ ተዳፋቱ ከሆነ ደግሞ ከላይ ጎረቤት የሚወርደው ጎርፍ ወዴት እንደሚሄድ ቀድማችሁ አስቡ። ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ፣ የተናደ አፈር ወይም የሲሚንቶ ከረጢት አይገኝ።

ፉቲንግ። ከሥር ሊን ኮንክሪቱ (በአፈሩ ላይ የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት)፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ተነጥፎ መድረቅ አለበት፤ ብረት በአፈር ላይ አይተኛም። ብረቱ ከሥርም ከጎንም በስፔሰር (ብረቱን ከሥሩና ከጎኑ በሚያርቅ ትንሽ ቁራጭ) ተነሥቶ መቀመጡን፣ የኮለኑ (የቋሚው ምሰሶ) መነሻ ብረት ቀጥ ብሎ በሽቦ መታሠሩን እዩ። ቁጠሩ፦ ፕላኑ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ካለ በ1 ሜትር ውስጥ ሰባት ያህል ፌሮ መታየት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ላይ «ባለ 12» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ 12 ሚሊ ሜትር አይደለም። ሙሉ ፌሮ 12 ሜትር ይረዝማል፤ ባለ 12ቱ ሙሉው ወደ 10.7 ኪሎ፣ ባለ 16ቱ ወደ 19 ኪሎ ይመዝናል። ከመጣላችሁ ላይ ሁለት ሦስቱን ሚዛን ላይ አውጡት። ጉልህ ጉድለት ካለው ከመታሠሩ በፊት ወደመጣበት መልሱት። ታሥሮ ካየነው በኋላ ሻጩም አይቀበል፣ ፌራዮውም አይፈታ።

ግሬድ ቢም (በመሬት ደረጃ ላይ ኮለኖቹን የሚያያይዘው ቢም)። ከላይ የጠቀስኩት ውድ ትምህርት ይህ ነው። ማመልከቻዬን ያስገባሁት ጥር 8 ቀን ነበር፤ ከጥምቀት በፊት ሰው ሊመጣ እንደማይችል መስኮቱ ላይ ተነግሮኛል። ሠራተኛው ግን ደመወዙን ይዞ ለበዓሉ መሄድ ይፈልጋል። ፎርማናችን «እትዬ፣ ፌሮው በፕላኑ ነው፤ ሲመጣ ከላይ ያየዋል» አለኝ። እኔም ደክሞኝ ነበርና እሺ አልኩ። ጥር 9 ሞላነው።

ተቆጣጣሪው በሳምንቱ መጣ። ወጣት ልጅ ነው፣ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ፕላኑን ቢሙ ላይ ዘረጋ፣ ሜትሩን ከማዕዘኑ ኮለን መነሻ ብረት ላይ አደረገና ዝም አለ። ብረቱ ከመስመሩ 8 ሴንቲ ሜትር ወጥቷል፤ ኮንክሪት ሲገፋው ማንም አላየውም። «ይህ ከተንቀሳቀሰ ውስጡንም ማየት አለብኝ» ብሎ በማዕዘኑ በኩል እንድናፈርስ አዘዘ። ሲፈርስ ስቴረፑ (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀለበት) በ15 ፈንታ በ25 ሴንቲ ሜትር ታሥሮ ተገኘ። ከማዕዘኑ እስከ ሦስት ሜትር ድረስ በመዶሻና በፑንቶ ፈለፈልነው። ስድስት ቀን ፈጀ። ለወንድሜ ደውዬ ስነግረው ያፈርኩትን ማፈር አልረሳውም። ያን ሳምንት ብጠብቅ ኖሮ ብረቱን በእጅ ገፋ አድርጎ ማሠር ብቻ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ቢምና ኮለን ላይ ስቴረፑን በሜትር እየለካችሁ ቁጠሩ፤ በተለይ ኮለንና ቢም በሚገናኙበት ቦታ ፕላኑ ጠጋ ጠጋ እንዲል ያዛል። የስቴረፑ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዋናውን ብረት ማቀፉን እዩ። ብረት በብረት ላይ የሚደራረብበት ርዝመት ፕላኑ ላይ ተጽፏል፤ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ እንዳይደራረብ።

ስላብ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል)። ከሥር ገብታችሁ ድጋፉን አንድ በአንድ በእጃችሁ ግፉት፤ የሚወዛወዝ እንጨት፣ በድንጋይ ላይ የቆመ እንጨት አይኑር። የኤሌክትሪክ ቱቦና የሽንት ቤት መውረጃ ቀዳዳዎች ከመሙላቱ በፊት መቀመጥ አለባቸው፤ በኋላ ስላብ በመዶሻ መብሳት ቤቱን ማድከም ነው። የላይኛው ብረት ሠራተኛ ሲረግጠው እንዳይወርድ ከሥሩ የታጠፈ ብረት ይደገፍበት፤ መረማመጃ ጣውላም ይነጠፍ። ከሥሩ ምሰሶ ሳይኖረው ወደ ውጭ በወጣ በረንዳ ላይ ዋናው ብረት ከላይ ነው የሚሆነው፤ ከሥር አሥረው የሚተዉት ሰዎች አሉና ይህንን አስረግጣችሁ ጠይቁ።

ከልስን በፊት ደግሞ የውሃና የኤሌክትሪክ መስመሩ ይታይ። ቧንቧውን ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩትና ጠዋት መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ሁሉንም ግድግዳ ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሡ።

6. የቀጠሮው ቀን

ፎርማኑ የግድ ይገኝ። ፌራዮውም ቢኖር ጥሩ ነው። ጠንካራ መሰላል፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ፕላኑና መዝገቡ ይዘጋጁ። መሬቱ ላይ ሚስማር የወጣበት ጣውላ አይኑር። ሚክሰሩ እየዞረ አይጠብቀው፤ እንዲያ ሲሆን «ብታይም ባታይም ልሞላ ነው» ማለት ይመስላል።

የሚያስጨንቃችሁን ራሳችሁ አሳዩት። «ይህ ኮለን ትንሽ የወጣ መስሎኛል፤ እስኪ እዩልኝ» ስትሉ የሰውዬው አነጋገር ሁሉ ይለወጣል። ክርክር ቢነሣ ፎርማኑና እሱ በቃል አይመላለሱ፤ ፕላኑ ይዘርጋ። ያስተዋለውን ሁሉ መዝገባችሁ ላይ በእጁ ጽፎ፣ ቀን አድርጎ እንዲፈርም በትሕትና ጠይቁ።

እንግዳ ነውና ቡና ብትጋብዙ ባህላችን ነው። ገንዘብ ግን አትስጡ፣ ቢጠየቅም እንኳ። ያልታየን ብረት «ታየ» ለማሰኘት የተከፈለ ገንዘብ የገዛ ልጆቻችሁ ከሚተኙበት ጣሪያ ላይ የተነቀለ ብረት ነው።

7. ከታየ በኋላ

አስተካክሉ የተባለውን ዛሬውኑ አስተካክሉና ፎቶ ላኩለት፤ ዳግም መጥቶ ማየት አለብኝ ካለ ጠብቁ። አቁሙ የሚል ጽሑፍ ከደረሳችሁ አንዲት ባሬላ እንኳ አትጨምሩ። ሥራ መሃል ክፍል ለማስፋት ወይም ፎቅ ለመጨመር ብታስቡ ማሻሻያው ቀድሞ በቢሮው ይጽደቅ፤ ተሠርቶ ካለቀ ነገር ላይ ፈቃድ መለመን ከባድ ነው።

የሙሌት ዕለት ከኮንክሪቱ ናሙና ውሰዱ። ናሙናው በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ኩብ ቅርጽ ይሞላል፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ይጨመቃል። ሲ 25 (C-25) የተባለ ኮንክሪት በ28 ቀኑ 25 ሜጋ ፓስካል መሸከም አለበት። ኩቡ ላይ ቀኑንና ቦታውን በሚስማር ጫሩበት። ከማግስቱ ጀምሮ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ኮንክሪቱን ውሃ አጠጡ፤ የበጋው የጎንደር ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ያደርቀዋልና እርጥብ ጆንያ ብታለብሱት ይሻላል። የስላብ ድጋፍ የሚነሣበትን ቀን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው፤ እንጨቱን ለሌላ ሥራ የሚፈልገው ፎርማን አይደለም።

8. ተቆጣጣሪው ባይመጣስ?

ይህ ያጋጥማል፤ የባለሙያው ቁጥር ከግንባታው ብዛት ጋር አይመጣጠንም። በቀጠሮው ቀን እስከ 5 ሰዓት ካልመጣ ደውሉ። ካልተነሣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ቡድን መሪው፣ ከዚያም ወደ ሕንፃ ሹሙ (በከተማው የሕንፃ ጉዳይ ኃላፊ) ሂዱ። ሳትቆጡ «ማክሰኞ መሙላት አለብን፤ ሌላ ባለሙያ ይመደብልን» በሉ። በእኅቴ ቤት እንዲህ ብዬ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ተልኮልናል። ከሁሉ የከፋው ቢመጣና ማንም ባይገኝላችሁ የሙሌቱን ቀን አዛውሩት፤ የታሠረ ፌሮ በሸራ ተሸፍኖ ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም።

9. መጨረሻ ላይ

ቤቱ ሲያልቅ ከመግባታችሁ በፊት የማጠናቀቂያ እይታ ጠይቁ። ለምድብ ሐ ሕንፃዎች የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳይወጣ ማንም መግባት እንደማይችል የ2001 ዓ.ም. አዋጅ ደንግጎ ነበር፤ ሱቅም ሆነ ክሊኒክ ለማከራየት ያሰባችሁ የውላችሁን ቀን ስትወስኑ ይህንን አስቡበት። ለዚያ ቀን የሳይት መዝገቡ፣ የኩብ ውጤቶቹ፣ የየደረጃው ፊርማና ፎቶዎቹ በቅደም ተከተል ይደርደሩ። የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን ተከፍቶ ይጠብቅ፤ የደረጃው መደገፊያ ብረት ተበይዶ ይለቅ፤ የተረፈው አሸዋና ፍርስራሽ ከመንገዱ ይነሣ። ማኅደሩን ከዚያ በኋላም አትጣሉት። ወንድሜ አሁን ሦስተኛ ፎቅ ልጨምር ይላል፤ መሐንዲሱ መጀመሪያ የጠየቀኝ የፉቲንጉን ፎቶና የኩቡን ውጤት ነው፣ ሁለቱንም ከዚያው ፋይል አውጥቼ ሰጠሁት።